ስለ አውራ ጣት አቀማመጥ የቀረበ ጥናት

የአካል ጥናት ሊቃውንት ስለ እጅ ከመናገራቸው በፊት ሰውየውን ያቆሙታል፦ ቀጥ ብሎ፣ ክንዶቹን በጎንና በጎኑ ለቆ፣ መዳፎቹን ወደ ፊት አዙሮ። በዚህ አቋቋም አውራ ጣት «ውጫዊ»፣ ትንሿ ጣት ደግሞ «ውስጣዊ» ትባላለች። ይህ ጸሐፊ ለጥናቱ ሲል ሦስት ቀን ሙሉ የታክሲ ሰልፍ ላይ እንዲህ የቆመ ሰው ፈልጓል። አንድ ተገኘ፤ እሱም ያካፋ እንደሆነ እያየ ነበር።

ሊቃውንቱ ግን ሐሳባቸውን አይቀይሩም። እጁን ኪሱ ቢከት፣ ወደ ኋላ አጣምሮ ቢንሸራሸር፣ አውራ ጣቱ ያው ውጫዊ ነው። ከሰፈሩ ከለቀቀ ዘመናት አልፈውት መዝገቡ ላይ አሁንም የድሮው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ ሰው መሆኑ ነው።

ወደ አጥንቱ ስንገባ ነገሩ ግራ ያጋባል። በአንድ እጅ 27 አጥንቶች አሉ፦ 8 በአንጓው፣ 5 በመዳፉ፣ 14 በጣቶቹ። አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሲደርሳቸው አውራ ጣት ያለው ሁለት ብቻ ነው። ታዲያ አውራነቱን ከየት አመጣው? መልሱ ያለው ከሥሩ ነው። ከአንጓው ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ፣ በሕክምና መጻሕፍት ሳይቀር፣ የኮርቻ መጋጠሚያ ይባላል። ሌሎቹ በእግራቸው ሲሄዱ እሱ በኮርቻ ነው የሚሄደው። አባወራ፣ አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና ያለ ሕዝብ ይህን ሳያይ ስም አላወጣም። እንደ አባወራም ከቤተሰቡ ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል።

ሥራውን ለማየት ማዕድ ይበቃል። እንጀራ ሲቆረስ ሦስት ጣቶች ይተባበራሉ፤ ሲጠቀለል ሁሉም ይለፋሉ። ጉርሻው አፍ ደጃፍ ሲደርስ ግን አውራ ጣት ከኋላ መጥቶ ገፋ ያደርገዋል። ባለፈው ሠርግ ላይ አክስቴ ሲያጎርሱኝ አውራ ጣታቸው እስከ አንጓው ድረስ ተከትሎ ገባ። እንዲህ ባለ ሰዓት ጎራሽ የሚያስበው ስለ ዶሮ ወጡ አይደለም፤ እንዴት ሳይነክስ አፉን እንደሚገጥም ነው። ጉርሻው ለአክስቴ ተቆጠረ፤ አራቱን ጣቶች ያመሰገነ የለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለው ጎረቤት በመጽሐፍ አመልካች ጣት፣ በሕዝቡ አፍ ግን ሌባ ጣት ነው። ምን እንደሰረቀ፣ መቼ እንደተያዘ፣ የትኛው ዳኛ እንደፈረደበት የሚገልጽ ነገር አልተገኘም። ደግሞም ብቻውን ምን ያነሳል? ሊቃውንት የአውራ ጣትን ልዩ ችሎታ ሲገልጹ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ጫፍ ለጫፍ መግጠሙን ነው የሚጠቅሱት። ስለዚህ ሌባ ጣት አንስቷል የተባለውን ሁሉ አብሮ የያዘ አንድ ባለ ኮርቻ አለ።

በተጨናነቀ አውቶቡስ ኪስ የሚያወልቁ ባለሙያዎች አሠራር ደግሞ ጉዳዩን ያብሰዋል። ኪስ የሚገቡት ሌባ ጣትና መሐል ጣት ናቸው፣ እንደ መቀስ። አውራ ጣት አይገባም። ደጅ ይቆያል፤ ብሩ ብቅ ሲል ይረከባል። «ውጫዊ» ያሉት ለካ ይህን ኖሯል።

በቅርቡ ለመታወቂያ አሻራ ልሰጥ ሄጄ ነበር። መዝጋቢዋ «አራቱን ጣት» አለችኝ፤ ቀኙ ተጫነ፣ ሌባው ሳይቀር አንዴ ተነበበ። ግራውም እንዲሁ። በመጨረሻ «አውራ ጣቶችዎን» ስትል ሁለቱ ብቻቸውን መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መሣሪያው እምቢ አለ። ጎንበስ ብላ አየቻቸው።

«ምሳ በልተው ነው የመጡት?» አለችና ሶፍት ሰጠችኝ።

ጠረግኳቸው፤ አለፉ።