በጥቅምት አንድ ሰላጣ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ብለው የተረቱት አበው የጓሮ አትክልት አልነበራቸውም። ቢኖራቸው ኖሮ በጥቅምት ብርድ ለሰው የሚያስፈልገው አጥንት ሳይሆን የማይታመም ወገብ መሆኑን ይነግሩን ነበር።

የአዲስ አበባ ጓሮ ባለቤት ዓመቱን ሙሉ ዓይኑን የሚጥልበት ወቅት መጸው ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ክረምቱ ወጥቷል፣ ፀሐዩ ወጣ ወጣ ብሏል፣ መሬቱም ገና እርጥብ ነው። ሲያወሩት ዘር በትኖ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ብቻ የቀረ ይመስላል።

የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ ነው። መረሬ መካከለኛ ነገር አያውቅም፤ በመስከረም ጫማ ከእግር ያስቀራል፣ በኅዳር ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባል። በሁለቱ መሀል ለቁፋሮ የሚመቹ ጥቂት ቀናት ይለግሳል፣ እነሱም ሳይቀሩ የዕድር ስብሰባ ወይም ለቅሶ የተጠራባቸው ቀናት ናቸው። ካሮት ደግሞ ልል አፈር ካላገኘች፣ ወይም ያልተብላላ ፍግ ከገባባት፣ ቀጥ ብላ መውረዱን ትታ እግር ታበቅላለች። አምና ከጓሮዬ የነቀልኳት አንዲት ካሮት እግሯን አነባብራ ነበር የወጣችው። ባለቤቴ ልትከትፋት አንሥታ፣ ትንሽ አየቻትና «ይቺንስ ነውር ነው» ብላ መልሳ አስቀመጠቻት።

ጓሮ ያለው ሰው አማካሪ አይቸግረውም። ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ በላይ እያዩ የኔን መደብ ይመረምራሉ።

«አንተ፣ ይኼን ቲማቲም እኮ ምች መትቶታል!»

«ምን ይሻለዋል ጋሼ?»

«ምን ይሻለዋል ይለኛል! ዳማከሴ ነዋ።»

ዳማከሴው እዚያው ከቲማቲሙ አጠገብ በቅሏል። አሽቼ ላስሸትተው ወይስ ጨምቄ ላጠጣው ብዬ ልጠይቃቸው አልኩና ተውኩት፤ ሁለቱንም ማለታቸው አይቀርም። ነገሩ ውርጭ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ይዞ የሚያቆይላት ደመና አይኖርም። ያን ጊዜ ቲማቲሙም፣ ቃሪያውም፣ ድንቹም የፈላ ውኃ እንደተደፋበት ጠቁሮ ያድራል። ያበሻ ጎመን ግን ውርጭን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ልብ ያለው ሰው በመጸው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ይዞ ይቀመጣል። ቲማቲምን ከገበያ ይገዛል፤ ጋሼንም «እሺ» ይላል።

ሰላጣ የራሱ ጠላት አለው። ጭራዋ ከሰውነቷ የሚረዝም፣ ጉትያ ያላት ግራጫ ወፍ አለች፤ ብቻዋን አትመጣም። ቤተሰቧን ይዛ ትመጣና ቅጠሉ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጫፍ ጫፉን ቀንጥባ፣ አጥንቱን ለኔ ትታልኝ ትሄዳለች። ከወፏ ለማዳን ሰላጣውን አሮጌ የመስኮት መጋረጃ አለበስኩት። የዶሮው ጉዳይ ግን በመጋረጃ አይመለስም። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ከወዲያኛው አጥር ያሉት እመቤት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አርብተዋል። ዶሮዎቹ እኔ የዘራሁትን የሚያውቁት ገና ሳይበቅል ነው። ልናገር ስሄድ ትኩስ እንቁላል በሳህን ይዘው ይቀበሉኛል። እንቁላል ተቀብሎ ስለ ዶሮ የሚከስ ሰው ደግሞ የለም።

ውኃው በፈረቃ ነው። ዝናቡ እንደቆመ የሚመጣውም ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት በስምንት ሰዓት ነው። ጋቢ ተከናንቤ፣ ጎማ ይዤ ጓሮ ስርመሰመስ የሰፈሩ ጥበቃ በባትሪ አበራብኝ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፤ ሰላጣ እያጠጣሁ ነው።»

ዝም ብሎ ቆየና፣ «ደኅና ነዎት ግን?» አለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ካጠቃ ወዲህ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው። እኔ ደግሞ ከጥቅምት ጀምሬ ቅጠል፣ የድንች ልጣጭና የቡና አተላ ከልዬ ለብስባሽ አከማቻለሁ። ከታች ያሉት እማማ ክምሩን አይተው ደነገጡ። «ልጄ፣ በሽታውን አቅፈህ ልትከርም ነው?» አሉኝ። ይበሰብሳል፣ ማዳበሪያ ይሆናል ብዬ ሳስረዳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከሥራ ስመለስ ክምሩ አልነበረም። ግቢው ጢስ ጢስ ይሸታል፤ እማማም «ምንም አይደል፣ እኔ አጠንኩልህ» ብለው መረቁኝ። አመድም ለአፈር ይጠቅማል ብዬ ተጽናናሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም ይገባል። በዚያን ሰሞን ደግሞ ጎመኑ ደርሶ ይጠብቃል። ያበሻ ጎመን ቸር ነው፤ ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን ቢቀነጥቡት ከላይ ይሰጣል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ፣ ይኼን ጠባዩን ከኔ በፊት ያወቀው ጎረቤት ነው። «ለምሳ ትንሽ ልቀንጥብ» የሚል ሰው እጁን አያይም። ሳይቀነጠብ ተርፎ ያበበውም ቢሆን አይባክንም፤ በጎመን ዘር ምጣድ ይታሰሳል። የማን ምጣድ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ጎመን በጤና የሚለው ሰው ጎመኑን ገዝቶ የበላ ነው። የዘር፣ የፍግና የውኃ ወጪዬን ባለቤቴ አንድ ቀን በስልኳ ደምራ አሳየችኝ፤ በዚያ ብር ከአትክልት ተራ ጭነን መምጣት እንችል ነበር። እኔም ስልኩን መልሼላት መደቡን ልኮተኩት ወጣሁ።

እንግዲህ ሰላጣው ደርሷል፤ ከቆየ ወደ አበባ ይሄድና ይመርራል። የምትፈልጉ ብቅ በሉ። ዘንቢል እኔ ጋ አለ፤ እናንተ በየጀሪካናችሁ ውኃ ይዛችሁ ኑ።