ስም አውጥተንላቸው በቁጥር እንጠራቸዋለን

ቴብሉን ስንሠራ ለእያንዳንዱ ኮለም ስም አውጥተናል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ። ኪዌሪውንም ስንጽፍ በየስማቸው አሰብናቸው። ውጤቱ ሲመጣልን ግን ስም የሚባል ነገር የለም፤ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብቻ። እኛም ጣታችንን ስክሪኑ ላይ አድርገን እንቆጥራለን። ፓይተን ላይ ከ0 እንጀምራለን። ወደ ጃቫ ስንሻገር ጄዲቢሲ ከ1 ይጀምራል። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን የሚሠራ ሰው በአንድ ቢስት ምን ይፈረድበታል?

መቁጠሩንስ ለምደነዋል። የሚያንገበግበን ስህተቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ኪዌሪው «ሴሌክት ስታር» ነው እንበል። አንድ ባልደረባችን ማይኤስኪውኤል ላይ ከአባት ስም ቀጥሎ የእናት ስም የሚል ኮለም ይጨምራል። ታዞ ነው፣ ጥፋት የለበትም። ከዚያ ወዲያ 2 ቁጥር ላይ ያለችው እናት ናት፤ አያት ወደ 3 ተገፍተዋል። ፕሮግራሙ አይወድቅም። ሁሉም ጽሑፍ ነው፣ ሁሉም የሰው ስም ነው፣ ምን ብሎ ይጩህ? እኛ ላይ በደረሰ ጊዜ የነቃነው ታትሞ በወጣ ወረቀት ላይ፣ በአያት ስም ቦታ «አልማዝ» የሚል አይተን ነው።

በስም መጥራት አይቻልም አላልንም። ይቻላል፣ ግን ተለምኖ። ፓይተን ውስጥ ለኤስኪውላይት «ሮው ፋክተሪ»ውን መቀየር አለብን። ለፖስትግሬስ በሳይኮፕግ ሌላ ዓይነት ከርሰር መጠየቅ አለብን። ፒኤችፒ ላይ «ፌች ሮው»ን ትተን «ፌች አሶክ» ማለት አለብን። ያቺን አንዲት መስመር የረሳ ወደ ቆጠራው ይመለሳል።

ስሙን ካገኘንም በኋላ እፎይ አንልም። የተማሪንና የትምህርት ቤትን ቴብል ጆይን ስናደርግ ሁለቱም «ስም» የሚል ኮለም ካላቸው፣ «ፌች አሶክ» የኋለኛውን ብቻ ያስቀርልናል፤ ልጁ በትምህርት ቤቱ ስም ሲጠራ ይውላል። በጥቅስ ካልከለልነው ኦራክል ስሙን በትልልቅ ፊደል ይመልሰዋል፣ ፖስትግሬስ በትንንሽ። ለካውንት ራሳችን ስም ካላወጣንለት ፖስትግሬስ «ካውንት» ብሎ ይተወዋል፤ ማይኤስኪውኤል ቅንፉንና ኮከቡን ጭምር ስም ያደርገዋል።

ትናንት ከሌላ ሰው የተረከብነውን ኮድ ከፈትን። 17 ቁጥር አጠገብ ደጉ ሰውዬ «ስልክ» ብሎ ማስታወሻ ጽፎልናል። ኮለሞቹን ቆጠርን። ደግመን ቆጠርን። 17 ላይ ያለው የቤት ቁጥር ነው።