የ532 ጠባያት፣ ከነሥራ ፈት አካፋዮቹ

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ከቁጥር ሁሉ መርጠው ዐቢይ ቀመር የሚል ማዕረግ የሰጡት ለ532 ስለሆነ፣ ማዕረግ የተቀበለውንም ሁሉ ጠባዩን መመርመር የቆየ ልማዳችን ስለሆነ፣ ይህንን ቁጥር በሥርዓቱ መርምሮ ማቅረብ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

532 የሚገኘው 4ቱ ወንጌላውያን፣ 7ቱ ዕለታትና የጨረቃ 19 ዓመታት እርስ በርሳቸው ሲባዙ ነው፤ ይህም ዘመን ሲፈጸም ፀሐይም፣ ጨረቃም፣ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም ወደ ተነሡበት ተመልሰው፣ ፋሲካ ቀድሞ በዋለበት ቀን ይውላል። አካፋዮቹ 12 ናቸው፤ ከሐዋርያት ቁጥር ጋር መግጠማቸውን አስተውሎ ማለፍ ይበቃል። እነርሱም ሥራ ያላቸውና ሥራ ፈቶች ተብለው ይከፈላሉ። 19 ንኡስ ቀመር ነው፤ 28 ዐውደ ፀሐይን ያዞራል፤ 76ም ማእከላዊ ቀመር ተብሎ ይከበራል። 38፣ 133ና 266 ግን ከማካፈል በቀር ይህ ነው የሚባል አገልግሎት ሳይኖራቸው፣ በዘመድ እንደተቀጠሩ ጸሐፊዎች ስማቸው ከመዝገብ ላይ ብቻ ይገኛል። ከራሱ ከ532 በቀር ያሉት ሲደመሩ 588 ሆነው ከእርሱ ይበልጣሉ፤ ይህ ማዕረጉን ይቀንስበት እንደሆነ አልገባበትም።

ከጠባያቱ ሁሉ የሚደንቀው፣ ተመልሶ መምጣቱን በዕድሜው ያረጋገጠ ሰው አለመኖሩ ነው። ዓመተ ዓለም 7448 ሲሞላ፣ ማለት በ1948 ዓ.ም.፣ አሥራ አራተኛው ዐቢይ ቀመር ተፈጽሞ አሥራ አምስተኛው ተተክቷል፤ ሲገለበጥ ድምፁን ሰማሁ የሚል ሽማግሌ ግን እስካሁን አላገኘሁም። የአሁኑ የሚፈጸመው በ2480 ዓ.ም. ስለሆነ፣ አቤቱታ ያለው ሰው እስከዚያው መታገሥ አለበት።

ነገር ግን የዚህን ቁጥር ክብር በብርቱ የሚነካ አንድ ተቀናቃኝ አለ፤ እርሱም ስለ እመቤታችን ሥዕል ሲባል ሳይጣል በጓዳ በር ላይ የቀረው አሮጌ የግድግዳ ካላንደር ነው። የ2020 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ይውላል። በቀመሩ ሥርዓት የዚህ ዓመት አምሳያ 1488 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የነገሡት ዓፄ ናዖድ ስለሆኑ፣ ከቤታቸው ካላንደር መዋስ አይቻልም። ሆኖም ካላንደሩ የተሠራበትን 2009ን እንመልከት። በዚያ ዓመት የአጽዋማት ስሌት መነሻ የሆነው መጥቅዕ መስከረም 27 ዓርብ ዋለ፤ በእርሱ ላይ የሚጨመረው የዓርብ ተውሳክ 2 ስለሆነ ድምሩ 29 ነው። በ2020 መጥቅዕ መስከረም 26 ሐሙስ ይውላል፤ የሐሙስ ተውሳክ 3 ስለሆነ ድምሩ አሁንም 29 ነው። ስለዚህ በሁለቱም ዓመት ጾመ ነነዌ ጥር 29 ይገባል፤ ፋሲካም ሚያዝያ 8 ነው፤ መስከረም 1 እሑድ ነው፤ ጳጉሜንም 5 ናት። ሊቃውንት በ532 ዓመት የሚያስመልሱትን፣ የጓዳው በር በ11 ዓመት አስመለሰው ማለት ነው።

ልዩነት የለም አልልም። አበቅቴው ከ3 ወደ 4 ይወጣል፤ ይህንን ከደብተራ በቀር የሚጠይቅ የለም። የፈረንጁን ቀን ከጎን የሚያነብ ሰውም እስከ የካቲት 21 ድረስ በየቀጠሮው አንድ ቀን ይስታል፤ ይህ ግን በእኛ አገር እንደ መዘግየት የሚቆጠር አይደለም። የቀረው ወንጌላዊው ነው፤ 2009 የማቴዎስ፣ 2020 የዮሐንስ ናቸው።

እንግዲህ የ2009ን ካላንደር ያልጣላችሁ አንባብያን፣ ማቴዎስ ከሚለው ላይ ዮሐንስ ብላችሁ ጻፉና መልሳችሁ ስቀሉት።