ሦስተኛው ድንጋይ

ራስ-ሰር የድረ ገጽ ፍተሻ ማለት ገዥ ወይም አንባቢ በገጹ ላይ የሚያደርገውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ራሱ እያደረገ ውጤቱን እንዲያረጋግጥ ማዘዝ ሲሆን፣ ትእዛዙ የትኛውን የገጹን ክፍል እንደሚነካ ለይቶ መጠቆም ይኖርበታል። ከመጠቆሚያዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የጸደቀውና ገጹን ከወላጅ ወደ ልጅ እየወረደ የሚያስሰው ኤክስፓዝ ነው። በሚከተለው ምልልስ የኦፓል መሸጫ ድረ ገጽ የምትፈትሽ ወጣት፣ በደላንታዋ ወገል ጤና ሻይ ቤት ካገኘቻቸው አንድ አንጋፋ ኦፓል ቆፋሪ ጋር ትነጋገራለች፤ የክፍሎቹ ስም ለአንባቢ እንዲመች በአማርኛ ተጽፏል።

ፈታሿ፦ ጋሼ፣ ፍተሻው አረንጓዴ ሆነ፤ ሦስተኛው ድንጋይ ዋጋው በትክክል ተጽፎለታል።

ቆፋሪው፦ የማን ድንጋይ ነው ልጄ?

ፈታሿ፦ እሱን ፍተሻው አይጠይቅም። ትእዛዙ «//ድንጋይ[3]» ነው፤ ሁለቱ እዝባሮች «በገጹ ውስጥ የትም ቢሆን» ማለት ሲሆኑ በቅንፍ ያለው ቁጥር ተራው ነው፤ ኤክስፓዝ ደግሞ እንደ ብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ከዜሮ ሳይሆን እንደ ገበያተኛ ከአንድ ነው የሚቆጥረው።

ቆፋሪው፦ ገጹ ላይ ስንት መደብ አለ?

ፈታሿ፦ ሦስት፤ የነጩ፣ የብርቱካንማውና የቡናማው።

ቆፋሪው፦ እንዲያ ከሆነ በየመደቡ ሦስተኛ የሆነው ሁሉ «አቤት» አይልም?

አዛውንቱ ሳያስቡት የቋንቋውን ዋና ወጥመድ ነክተዋል፤ ቁጥሩ የሚቆጥረው በእያንዳንዱ ወላጅ ሥር በመሆኑ ትእዛዙ ሦስት ድንጋይ ይመልሳል፣ እንደ ሰሊኒየም ያለው የፍተሻ መሣሪያም አንድ ብቻ ሲጠየቅ ቅር ሳይለው የመጀመሪያውን ያነሣል። ከመላው ገጽ ሦስተኛውን የሚሻ ሁሉንም በቅድሚያ ሰብስቦ «(//ድንጋይ)[3]» ማለት አለበት።

ፈታሿ፦ ቅንፉ ተጨመረ፤ አሁንም አረንጓዴ ነው።

ቆፋሪው፦ ነጋዴው ነገ አዲስ ድንጋይ ከላይ ቢያስቀምጥስ?

ፈታሿ፦ ሦስተኛው አራተኛ ይሆናል፤ ፍተሻው ግን የሌላውን ዋጋ እያየ በደስታ ይውላል።

ቆፋሪው፦ እዚህ ገደሉ ላይ ኦፓሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ከታወቀ ወዲህ የሚቆፈረው ውፍረቷ አንድ ሜትር ከማይሞላ ንጣፍ ነው። ንጣፏን «ከላይ ስንተኛ ናት» ብሎ የሚፈልጋት የለም፤ የላዩ በናዳ ሲሄድ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳልና በመልኳ ነው የምትታወቀው።

ፈታሿ፦ እንግዲያው ድንጋዩም በቀለሙ ይፈለግ።

ቆፋሪው፦ የደላንታ ኦፓል እኮ ውሃ ሲጠጣ ቀለሙን ጥሎ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ስንቱን ገዥ አስደንግጧል! የማይለወጥ ምልክት ፈልጊለት።

ፈታሿ፦ ነጋዴው ለየድንጋዩ የሰጠው የዕቃ መለያ አለ። «//ድንጋይ[@መለያ='ደ7']» ቢባል፣ «@» የክፍሉን ባሕርይ ስለሚጠቁም፣ ድንጋዩ የትም ቢዛወር ይገኛል።

ቆፋሪው፦ ታዲያ ቆጠራው ለምን ተፈጠረ?

ፈታሿ፦ ተራው ራሱ ሲፈተሽ ነው። ገዥ «ከርካሹ ጀምር» ሲል ቀድሞ የሚወጣው በእርግጥም ርካሹ መሆኑ የሚታወቀው በቁጥሩ ነው፤ ለዚያ አንደኛውን ማየት ይበቃል።

ቆፋሪው፦ ይህንን ለነጋዴው እንዳትነግሪው፤ የተሰነጠቀውን ሁሉ ከሁለተኛ ጀምሮ ይደረድረዋል።