ስፌት በሩብ ሰዓት? ወይ ጉድ!

እስቲ ቁጠሩልኝ። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29። በነዚህ ቀኖች መርፌ የነካ ልብስ ሰፊ እኛ ሰፈር ሰላምታ አያገኝም። አቦንና ኪዳነ ምሕረትን የሚያከብር ሁለት ይጨምር። ቅዳሜና እሑድን አውጡ። ተደራርበው ካልዋሉልን በቀር ግማሹ ወር ሄደ ማለት ነው። ከተረፈው ላይ ለቅሶው፣ እድሩ፣ ሰርጉ፣ ገበያው የየድርሻውን ያነሳል። ከተማችን እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ፀሐይ ጠንከር እስክትል ጣት ክር አይዝም። ዳንግላ ያለው የሙያ ጓደኛዬ በዚህ ይስቅብኛል፤ እነሱ ዘንድ ትንሽ ይሞቃላ። መብራት የሚጠፋበትን ቀን አልቆጠርኩም፤ ለሱ ራሱን የቻለ ስንክሳር ያስፈልጋል።

ታዲያ «ጊዜ አጣሁ» ብሎ የማማረር መብት ያለው ማን ነው? እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ስረግጥ የኖርኩ ሰው። ይህችንም መብት የልጅ ልጄ ቀማችኝ። ቀን ታስተምራለች፣ ማታ ደብተር ታርማለች፣ በመሀል ጡት ታጠባለች። እሷ ናት እንግዲህ «አባባ፣ እኔ እኮ ጊዜ አለኝ፤ በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ነው የምሰፋው» የምትለኝ።

ሩብ ሰዓት! በእኛ ጊዜ ልብስ ሰፊ በሩብ ሰዓት መነጽሩን ፈልጎ አያገኝም ነበር። ስፌት ማለት መኪናውን ዘይት አጠጥቶ፣ ጠመኔውን አሹሎ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ብሎ፣ የዝናቡን ሁኔታ አይቶ የሚጀመር ነገር ነው። ሲመሽ አንድ ሱሪ ይወጣል። ሱሪው ግን ሱሪ ነው!

እሷ የስልኳን ሰዓት ሞልታ መኪናው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። ሲጮህ ባለችበት ታቆማለች። የቀራት አራት ጣት መስመር ቢሆንም ታቆማለች። «ጨርሺያት እንጂ ልጄ!» ስላት፣ «መሀል ላይ ስተወው ነው ነገ ከየት እንደምነሳ የማላስበው» ትለኛለች። መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ትታው ትነሳለች፤ መስመሩ እንዳይንሸራተት ነው። እኔ ይህንን ሳይ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። የተጀመረ መስመር ቤት ውስጥ እያለ እንዴት ይተኛል?

ፌስታሎቹንማ አታንሱብኝ። ትምህርት ቤት ዝግ በሆነበት ቀን ትመጣና ልክ ወስዳ ያስቀመጠችውን ሁሉ በአንድ መቀመጫ ትቆርጣለች። የልጆች ዩኒፎርም፣ የእናቷ ቀሚስ፣ የጎረቤት ትራስ ልብስ፣ ሁሉንም። መቁረጥ ሰፊ ቦታና ያልተበታተነ ልብ ስለሚፈልግ በሩብ ሰዓት አይሞከርም ትላለች፤ እዚህ ላይ እንኳ ልክ ናት። ከዚያ እያንዳንዱን ከዚፑ፣ ከቁልፉ፣ ከክሩና ልኩ ከተጻፈባት ወረቀት ጋር በየፌስታሉ ከታ ግድግዳዬ ላይ በሚስማር ትሰቅላለች። ቤቴ ሱቅ መስሏል። ስትመጣ አንዱን አውርዳ ቁጭ ነው፤ «መቀሱ የት ሄደ? ዚፑን ማን ወሰደው?» የለ። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን መቀስ ስፈልግ ነው የጨረስኩት።

ክር እንኳ በዘፈቀደ አትቀይርም። ሰማያዊ ከገባ የሰማያዊ ፌስታል ሁሉ ይወርዳል፤ የላዩን ክር አውጥቶ የታቹን እንደገና አጠንጥኖ እስኪገባ ከሩቧ ሰዓት ሲሶው ያልቃል አለች። ጥቁር ጨርቅ በቀን፣ ነጭ በማታ። ካውያ የሚፈልገው ተጠራቅሞ አንዴ ይተኮሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የኔዋን የእግር መኪና ትረግጣለች፤ ካውያውም የከሰል ነው። የፋግታ ለኮማ ወረዳ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በየጭነት መኪናው በደጃችን አልፎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እኛ ከሰል አገር ተቀምጠን ሸሚዝ ለመተኮስ መብራት እንጠብቅ?

ይባስ ብሎ ታናሽ ወንድሟ ከስልኩ አንድ ነገር አነበበልኝ። ከ160 ዓመት በፊት ገደማ ዊለር ኤንድ ዊልሰን የሚባል የአሜሪካ የስፌት መኪና ሠሪ ሠንጠረዥ አውጥቶ ነበር። አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፣ በመኪና 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይፈጃል ይላል። ደህና። አሁን እኔ የምጠይቀው፣ የተረፈው 13 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የት ገባ? ማን በላው? ላስረዳችሁ። አንድ ሸሚዝ የነበረው ሰው ስድስት አማረው። ቀሚሱ ላይ ሽንሽን፣ ሽንሽኑ ላይ ዘርፍ፣ ኪሱ ላይ ኪስ ተጨመረ። መኪናው ሰዓት በሰጠን ቁጥር እኛ ጨርቅ ጨመርንበት፤ ይኸው ዛሬም ጊዜ የለንም እንላለን።

ይህን ተናግሬ ሳልጨርስ ባለቤቴ ከጓዳ ገባችብኝ። «እኛስ ድሮ በምን ሰዓት የፈተልን መሰለዎት? ሽሮው እስኪንተከተክ ነዋ! ይሄ የለበሱት ጋቢ በአንድ ቀን የተፈተለ መሰለዎት?» እውነት ነው፣ እንዝርት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ባዘቶዋን ሙዳይ ውስጥ አዘጋጅታ ታስቀምጣለች፤ እንግዳ ሲመጣ ትፈትላለች፣ ሕፃን ሲተኛ ትፈትላለች። እኔ የለበስኩት ጋቢ ሳይቀር ምስክር ሆኖ ቆመብኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ ያየሁት ሲሰበር ነው።

የጥር 23ቱን ነገር ደግሞ ስሙት። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የዐድዋን ፈረሰኞች እያሰበ በዓሉን ያከብራል። የዚያን ቀን እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ግላሱ ሁሉ ያብረቀርቃል። የልጄ ፈረስ አዲስ ግላስ ያስፈልገው ነበር። ከቀይ ከፋይ፣ ዙሪያው ቢጫ ዘርፍ። «ለኔ ተዉት፤ አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ስጡኝ» አልኩ። ሙሉ ቀን ጠበቅሁ። ገና መጣ፣ ሄደ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተባለና በረንዳዬ በቀሚስ ተጥለቀለቀ። የጥምቀት ማግስት ሚካኤል ነበር፣ እሱንም ቃና ዘገሊላ ወሰደው። ከዚያ ማግስት ለቅሶ። ሙሉ ቀን የሚባል ነገር ከዚህ አገር ወጥቶ ሄዷል መሰለኝ።

ከፋዩን አንድ ማታ የልጅ ልጄ ከመደርደሪያዬ አውርዳ ፌስታል ውስጥ ከታው አገኘሁት። ገበሩን በአንዷ ሩብ ሰዓት፣ ጠርዙን በሌላዋ። ዘርፉን ሕፃኑ ጭኗ ላይ እንደተኛ በእጇ ዘመዘመችው። ጥር 22፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ሳይመሽ አለቀ። በማግስቱ ሜዳው ላይ ሰው ሁሉ «ይህን ግላስ ማን ሰፋው?» ሲል ልጄ «አባባ ቤት ነው የተሰፋው» አለ። ቤቱ ሰፋው እንግዲህ!

አሁን ደግሞ ግድግዳው ላይ አንድ ፌስታል ተጨምሯል፤ ስሜ ተጽፎበታል። ውስጡ አንድ የሕፃን ሸሚዝ፣ አምስት ቁልፍና ክር የገባላት መርፌ። «አባባ፣ ቡናው እስኪፈላ ቁልፏን ይትከሉልኝ» ብላ ሄደች። ሦስተኛውን ሳልጨርስ ፈላ። በእኛ ጊዜ ቡና እንኳ ተረጋግቶ ነበር የሚፈላው።