ይብራ እንጂ ይታይ ማን አለ?

እንደ ቦክሰር ያለ ትንሽ የህንድ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያለችው አንዲት አምፖል ናት፤ 35 ዋት ገደማ። መሐንዲሶቹ ብርሃኗ አስፋልቱ ላይ እንዲተኛ፣ አጭሩ ሲበራ ደግሞ ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ከላይ በኩል ከርክመው አስቀርተዋታል። ምስኪኖች! የኛን ሞተረኛ አያውቁትም። ማታ መብራት የሚያበራው መንገድ ሊያይ መስሏቸዋል።

እኛማ ሠልጥነናል። በሌሊት ማየት የድሮ ሰው ጭንቀት ነው፤ የዛሬው ጀግና ጭንቀቱ ሌላው እንዳያይ ነው። እዚህ ሥልጣኔ ላይ ገና ያልደረሰ ካለ ፓውዛ የሚሉትን ተጨማሪ መብራት ሊገዛ ሶማሌ ተራ ጎራ ይበል። ሻጩ ካርቶኑን ይከፍትና ሁለቱን ሽቦ ባንኮኒው ሥር ካለው አሮጌ ባትሪ ጋር ያነካካል፤ ከዚያ ፓውዛውን ቀጥ አድርጎ ዓይንህ ላይ ይደግነዋል። «እስቲ እየው ወንድሜ!» ይልሃል። የምን ማየት! ፊትህን በክንድህ ከልለህ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለህ። ፈተናው በዚሁ አለቀ። ገዢው ምንም ማየት ካቃተው ዕቃው አንደኛ ነው። ብርሃኑ ምን ያህል ይርቃል፣ ምን ያህል ይሰፋል፣ ዝናብ ይገባዋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዕቃ የማያውቅ ደረቅ ነው፤ ሻጩ ወዲያው ሌላ ደንበኛ ማነጋገር ይጀምራል።

ካርቶኑ ላይ «300 ዋት» ተብሎ ተጽፏል። መብራቱ ራሱ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ሒሳብ የሚወድ ሰው 300ን ለ12 ቮልት ያካፍልና 25 አምፔር ያገኛል። የትንሽ ሞተር ባትሪ ደግሞ 5 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ካርቶኑ እውነቱን ከሆነ ባትሪው በ12 ደቂቃ ባዶ ይሆናል፤ ከሻሸመኔ የተነሳ ሰው ሐዋሳ ሳይገባ ጨለማ ይውጠዋል ማለት ነው። የሞተሩ ዲናሞም ያን ያህል ኃይል ከየትም አያመጣም። እንግዲህ ወይ ካርቶኑ ይዋሻል ወይ ሞተሩ ይቆማል። ደግነቱ የሚዋሸው ካርቶኑ ነው። ለዚህ ውሸቱ ልናመሰግነው ይገባል፤ ባትሪያችንን ያተረፈልን እሱ ነው።

ቀጥሎ ገጠማው ይመጣል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሞተሩን ከግድግዳ 10 ሜትር ርቀት ላይ ያቆማል፤ የመብራቱን ቁመት ለክቶ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ ባለቤቱን ኮርቻው ላይ ያስቀምጥና የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ብሎኑን ያላላል፣ ያጠብቃል። ጠመኔ፣ ግድግዳና ትንሽ ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ማንም አይሠራውም። የሰፈራችን ባለሙያ ፓውዛውን መሪው ላይ ያስርና ወደ ሰማይ ቀና ያደርገዋል። «ሩቅ እንዲያሳይህ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። የባሕር ዛፉን ጫፍ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውን አናት፣ እዚያ ያደረውን ጥንብ አንሳ ሳይቀር ላባ በላባ ታያለህ። ጉድጓዱን ለማወቅ ግን ጎማህ መግባት አለበት። ከኋላ ሁለት ሰው ስትደርብ ወይም 50 ኪሎ ማዳበሪያ ስትጭን ደግሞ የሞተሩ ጀርባ ይወርድና ፊቱ ይነሳል፤ ያኔ ብርሃኑ ሙሉ በሙሉ ለሰማያውያን ነው።

ጣርማ በር ላይ ጉም የገጠመው ሰው የዚህን ጥበብ ፍሬ ያውቀዋል። ጉም አየር ላይ የተንጠለጠለ የውሃ ጠብታ ነውና ከላይ የተለቀቀበትን ብርሃን መልሶ ለላኪው ይሰጠዋል። ፓውዛው በበረታ ቁጥር ከፊትህ የሚቆመው ነጭ ግድግዳ ይወፍራል። የጉም መብራት ዝቅ ብሎ የሚገጠመው፣ ብርሃኑም ሰፊና ጠፍጣፋ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በጉሙ ሥር ሾልኮ አስፋልቱን እንዲነካ። ይህን የሰማ ሞተረኛ ታዲያ ምን ያደርጋል? ቢጫ ላስቲክ ገዝቶ ፓውዛው ላይ ይለጥፋል። (ፈረንሳዮችም ከ1930ዎቹ ማብቂያ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. የመኪና የፊት መብራት ቢጫ ይሁን ብለው በሕግ ደንግገው ነበር። ነገር ግን ቢጫውን ወደ ሰማይ አላቀኑትም።)

አሁን ከፊት ወደሚመጣው ሰው እንለፍ፤ ድግሱ የተደገሰው ለእሱ ነውና። አይሱዙ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየመጣ ነው እንበል። በሰከንድ 22 ሜትር ማለት ነው። ፓውዛህን ስትረጭበት ዓይኑ እስኪመለስለት ጥቂት ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ሦስት ብቻ ብንቆጥርለት 66 ሜትር በጭፍን ነዳ። ሾፌሩ ዕድሜው ገፋ ያለ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ከወጣት ዓይን ይዘገያል። በዚያ 66 ሜትር ውስጥ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከገበያ አምሽተው የሚመለሱ እናቶች፣ መንገድ የሳተች ላም ሊኖሩ ይችላሉ። አንድ ሰው ግን በእርግጥ አለ፤ አንተ። በገዛ ገንዘብህ ዓይኑን ያጠፋህበት ሰው ብዙ ቶን ብረት ይዞ ወደ አንተ እየመጣ ነው። በማያየው ሾፌር ላይ ነፍሱን እንዲህ አምኖ የሚጥል ሰው ሲገኝ እምነት ጠፋ የሚሉን ሰዎች ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ሾፌሩም ቢሆን ዕዳ አያሳድርም። ጣሪያው ላይ የደረደራቸውን ፓውዛዎች ለብልጫ ይለቃቸዋል። ሁለቱ ሰላም ተባባሉ፤ ሁለቱም ታወሩ። መሐል ላይ የነበረው እግረኛ ከሁለቱም ወገን ዓይን ተሰወረ።

ይኸው ጀግና ከኋላ ሲታይ ግን ሌላ ሰው ነው። የኋላ መብራቱ ከተቃጠለ ቆይቷል፣ አንጸባራቂው ተሰብሯል፣ ታርጋው በጭቃ ተሸፍኗል። ፊቱ ላይ ፀሐይ፣ ጀርባው ላይ ሐምሌ! የኋላ አምፖል ለመግዛት ከፓውዛው ዋጋ ሽራፊው ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን የኋላ አምፖል ማንንም ስለማያሳውር ደስታ የለውም። ሄልሜቱንም ክርኑ ላይ አንጠልጥሎታል፤ ክርኑ በሚገባ ተጠብቋል። ጭንቅላቱ ላይ ካደረገውም መስታወቱ ተቧጭሮ ተቧጭሮ ከፊት የሚመጣውን ብርሃን ሁሉ ወደ ጭረት ይለውጠዋል። ከዚያ ሰውየው «ምንም አይታየኝም» ብሎ ምን ያደርጋል? ሌላ ፓውዛ ይጨምራል።

ሽቦው እንዴት እንደተያያዘ ደግሞ ባንነካካው ይሻላል። ያለ ፊውዝ፣ ያለ ሪሌ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ የፋብሪካው ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ክላክስ ሲነካ መብራቱ ይደበዝዛል፤ ፕላስቲክ ሲሸት ደግሞ ባለሙያው «አዲስ ስለሆነ ነው» ይላል።

ወንድሜ፣ ገዝተኸው ከሆነ ልትጥለው አይገባም። ገና ልትገዛ ከሆነ ብርጭቆው ላይ በክብ ውስጥ የተቀረጸችውን የማረጋገጫ ምልክት፣ የላቲኗን «E» ከነቁጥሯ ፈልጋት፤ አስመስለው የሚያትሙም አሉና በእሷ ብቻ አትተማመን፣ ማታ ግድግዳ ላይ አብርተህ እየው። ብርሃኑ ጠባብ ሆኖ ሩቅ የሚሄደውን ፓውዛ ከረጅም መብራትህ ጋር በሪሌ አያይዘው፤ ወደ አጭር ስትመልስ አብሮ ይጥፋ። ሰፊውን ዝቅ አድርገህ እሰረው። ለሁለቱም ፊውዝ አስገባ። ከቤት ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ዞር በልና የኋላ መብራትህን እያት።