አያ ጅቦ በስቶን ማውንቴን ግርጌ

«ተረት ተረት» አሉ ጋሼ፣ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ እየመለሱ።

«የላም በረት» ያለችው ትንሿ ልጅ ብቻ ናት። ታላቅ ወንድሟ ለኮሌጅ የገዛውን አዲስ ማክ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንገቱን አቀርቅሯል። ከደቂቃ በፊት «ይሄ እኮ ማክ ነው ጋሼ፣ ቫይረስ የሚባል አይነካውም» ብሎ ነበር፤ ተረቱን የጠራው ይኸው ነው። ያለነው ክላርክስተን፣ ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ እሑድ ከሰዓት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል።

«አያ ጅቦ አገሩን ለቆ አሜሪካ ገባ። በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ ማለት ልማዱ ነውና፣ እዚህ ስቶን ማውንቴን የሚባለው ቋጥኝ ግርጌ ካለ መንደር ደርሶ ማደሪያ ጠየቀ። ያነጠፈለት የለም። ቋጥኙ ላይ ወጥቶ መንደሩን መቁጠር ጀመረ። ከመቶ ጋጥ ዘጠና አምስቱ የበግ፣ አምስቱ የነጭ ፍየል። የበጎቹን በር ሁሉ አንድ አናጢ ነው የሠራው፤ አንድ የሐሰት ቁልፍ ያስቀረጸ ሌባ ዘጠና አምስቱንም ይከፍታል። የፍየሎቹ መቀርቀሪያ ሌላ ነው። ለእሱም ቁልፍ ይቀረጻል፣ ድካሙ ያው ነው፣ የሚገኘው ግን አምስት ጋጥ። አያ ጅቦም ወደ በጎቹ ወረደ።»

በአገራችን ተረት ጅብ ብዙውን ጊዜ ሞኝ ነው፤ ጦጣ እንኳ ትቀልድበታለች። የጋሼ ጅብ ሒሳብ መቻሉን ወድጄዋለሁ።

«ሌሊት ከበጎቹ ሰፈር ጩኸት ሲሰማ ፍየሎቹ ጢማቸውን እያሻሹ ‹የኛ ሥጋ ይመረዋል› ይባባሉ ጀመር። የፍየል ነጋዴውም ይህንን ሰምቶ ገበያ ለገበያ ዘፈነው።»

ነጋዴው የጋሼ ፈጠራ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 ባሳየው ማስታወቂያ አንድ ወፍራም ሰውዬ «ፒሲ ነኝ» ብሎ ቫይረስ ይዞት ያስነጥሳል፤ «ማክ ነኝ» የሚለው ቀጭን ወጣት አጠገቡ ጤነኛ ሆኖ ይቆማል። እኔም ያኔ አምኜ ነበር። የፍየሎቹን የዘር ሐረግ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። ቤተ ሙከራ ለቀው በሰው ቤት ከተዛመቱት የመጀመሪያ የግል ኮምፒውተር ቫይረሶች አንዱ የሆነው ኤልክ ክሎነር እ.ኤ.አ. በ1982 የያዘው የአፕል ኮምፒውተርን ነው፣ አፕል ቱን። የጻፈውም ሪች ስክሬንታ የተባለ የ15 ዓመት የፔንሲልቬንያ ተማሪ ነበር፤ ጓደኞቹ ላይ ሊቀልድ ብሎ በፍሎፒ ዲስክ አሰራጨው።

«በጎቹስ ዝም አሉ?» አለች ትንሿ።

«በጎቹማ ውሻ ቀጠሩ። ውሻው ባለጥርስ፣ ባለግርማ። ለመግቢያ ለመውጫው ከአጥሩ ሥር ቀዳዳ ቀደዱለት። አያ ጅቦ በየት የገባ ይመስልሻል? በውሻው ቀዳዳ!»

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ይሄ እዚሁ አትላንታ የሆነ ነው። ኢንተርኔት ሴኪዩሪቲ ሲስተምስ የሚባል የከተማዋ ኩባንያ ኮምፒውተር የሚጠብቅ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2004 ዊቲ የተባለ የኮምፒውተር ትል በዚያው በጠባቂው ሶፍትዌር ቀዳዳ ገብቶ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 12,000 ያህል ማሽኖችን ያዘ፤ የያዘውንም ማሽን ዲስክ እየጻፈበት ያበላሽ ነበር። ቀዳዳው ለሕዝብ በተነገረ ማግስት ነው። ጠባቂ ያልነበራቸው ማሽኖች ምንም አልሆኑም።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በማርች ወር፣ ተራው የማዘጋጃ ቤቱ ሆነ። እ.ኤ.አ. ማርች 22 ቀን 2018 ሳምሳም የተባለው ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም የአትላንታን ፋይሎች ቆልፎ 51,000 ዶላር ያህል በቢትኮይን ጠየቀ። ፖሊሶች ሪፖርት በእጅ ጻፉ፤ የውኃ ክፍያ በኢንተርኔት ቆመ፤ ኤርፖርቱ ዋይፋዩን ለጥንቃቄ አጠፋ። ከተማዋ ቤዛውን አልከፈለችም፤ ጥገናው ግን ሚሊዮኖች በላ። ያን ሰሞን ስንቱ ሰው «እኔ እንኳ ማክ ነው ያለኝ» ብሎ ተጽናንቷል!

ጋሼ ቀጠሉ። «ፍየል ማርባት ፋሽን ሆነ። አምስቱ ጋጥ አሥራ አምስት ገባ፤ ፍየል የሚያረባው ደግሞ ኪሱ ደህና ነው። አያ ጅቦ ቋጥኙ ላይ ተመልሶ ወጣና እንደገና ቆጠረ። እውነቱን ለመናገር የፍየሎቹ አጥር የድንጋይ ነው፣ በረኛም አላቸው። ማኅተም የሌለውን እንግዳ ‹ይህን ሰው አላውቀውም› ይላል በረኛው። ስለዚህ አያ ጅቦ አጥሩን አልነካም። የጨው ሻጩን ድምፅ ለመደ። ‹እመት ፍየል፣ የቆየ ጨውሽ ሻግቷል፣ አዲስ ይዤልሽ መጥቻለሁ› አለ። በረኛው ‹ማኅተም የለውም› አለ። ፍየሏ ምን ያለች ይመስላችኋል?»

«ጨው አይሻግትም» አለች ትንሿ።

«ፍየሏ ግን ያንን ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። ሥጋዬ ይመረዋል ብላ ያደገች ናታ! ‹አውቀዋለሁ፣ አስገባው› አለች።»

ልጁ አሁን ቀና አለ። የእውነቱን ታሪክ ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ጋሼ ተረት በቁጥር ሲቋረጥባቸው ይናደዳሉ። ፍላሽባክ የተባለው አጥቂ ፕሮግራም ማክ ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 የፍላሽ ፕሌየር መጫኛ መስሎ ነው። በኋላ ማንኳኳቱንም ተወው። ጃቫ ውስጥ የነበረውን ቀዳዳ ባለቤቱ ኦራክል በፌብሩዋሪ 2012 ደፍኖት ነበር፤ የአፕል ጥገና ለማኮች የደረሰው በኤፕሪል ነው። በመካከሉ ከ600,000 በላይ ማኮች ተያዙ፤ የብዙዎቹ ባለቤቶች የተበከለ ድረ ገጽ ከመክፈት በቀር ምንም አላደረጉም። በዚያው ዓመት አፕል ማክ የፒሲ ቫይረስ አይዘውም የሚለውን ቃል ከድረ ገጹ አነሳ።

«እሺ፣ እንኮዬ ጦጢትስ?» ልጅቷ ናት። ያለ ጦጣ ተረት አይገባትም።

«እንኮዬ ጦጢት ዛፏ ላይ ናት። ጅብ ዛፍ አይወጣም።» ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ቢሆንም ማታ ማታ ቅርንጫፉን ነቅነቅ አድርጋ ነው የምትተኛው።»

ልጁ ላፕቶፑ ላይ ጥርሳማ ጎማ የምትመስለውን የቅንብር ምልክት ተጫነ። ጥግዋ ላይ 1 የሚል ቀይ ነጥብ አለ፤ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳለ እንጃ። ዝማኔው ሲከፈት የይለፍ ቃል ጠየቀ። ልጁ ሊጽፍ ሲል ጋሼ ዓይናቸው ማያ ገጹ ላይ መሆኑን አየና ላፕቶፑን በቀስታ ወደ ግድግዳው አዞረው።

ጋሼ ቅር አላላቸውም። ሲኒያቸውን ለበረካ ዘረጉ።